ሊድስ ወይስ በርንሌይ? የሻምፒዮንሺፕን ጨዋታ በእርሳስና በወረቀት መገመት

ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሰኞ፣ ከሌሊቱ 5 ሰዓት። ብርድ ልብስ ውስጥ ሆኜ ስልኬ ላይ አፍጥጫለሁ። በርንሌይ በሜዳው ተርፍ ሙር ሊድስን እያስተናገደ ነው። ጓደኛዬ ከጠዋት ጀምሮ «ሊድስ ሦስት ያገባበታል» ሲል ውሏል። እኔም ጠንቃቃ መስዬ «2 ለ 1 ሊድስ» ብያለሁ። ሰዓቱ አለቀ፤ 0 ለ 0። በነጋታው ሥራ ቦታ ያዛጋሁት ማዛጋት አይጣል ነው።

በኋላ ቁጭ ብዬ ሒሳቡን ሠራሁት። የእኔ «2 ለ 1» ከመቶ 3 ብቻ ዕድል ነበረው። 0 ለ 0 ግን ከመቶ 25። ሒሳቡን ቀድሜ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ በጊዜ እተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሻምፒዮንሺፕ (ከፕሪምየር ሊጉ በታች ያለው የእንግሊዝ ሁለተኛ ሊግ) ጨዋታ ከመገመቴ በፊት የምከተለው ቅደም ተከተል አለኝ። እሱን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ። የሚያስፈልጋችሁ ደብተር፣ እርሳስ፣ ካልኩሌተር ያለው ስልክ እና የአንድ ሰዓት ያህል ትዕግሥት ነው። የቀድሞ ተጫዋች መሆን አይጠበቅባችሁም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። እግር ኳሳቸውም በዚያው ነው የሚቆጠረው።)

መጀመሪያ ሊጉን እወቁት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሻምፒዮንሺፕን እንደ ትንሹ ፕሪምየር ሊግ ያየዋል። አይደለም።

24 ክለቦች አሉ። እያንዳንዱ 46 ጨዋታ ያደርጋል፤ በድምሩ 552። ከፕሪምየር ሊጉ 38 ጋር ስታነጻጽሩት በአንድ ቡድን ላይ 8 ጨዋታ ይጨምራል። ውድድሩ የሚያልቀው ደግሞ በሜይ መጀመሪያ፣ ከፕሪምየር ሊጉ ቀድሞ ነው። ስለዚህ ማክሰኞና ረቡዕ ማታ መጫወት የተለመደ ነው። ድካም እዚህ ሊግ ውስጥ እንደ አንድ ተጫዋች ይቆጠራል ብላችሁ ብትይዙት አትሳሳቱም።

የምንመረምረው የ2024/25 የውድድር ዘመን ነው። በዚያ ዓመት 1ኛና 2ኛ የወጡት በቀጥታ አደጉ፤ ከ3ኛ እስከ 6ኛ ያሉት ለሦስተኛዋ የማደጊያ ቦታ የመለያ ጨዋታ አደረጉ፤ የመጨረሻዎቹ ሦስቱ ወረዱ። በዚህ አሠራር የተነሳ መጋቢት ላይ እንኳን «ምንም የማይፈልግ ቡድን» ማግኘት ይከብዳል። 12ኛ ላይ ያለው 6ኛውን ያያል። 17ኛው ደግሞ ወደ ኋላ እየዞረ ወራጅ ቀጠናውን ያያል።

አቻ እዚህ ክብር አለው። በግርድፉ ከአሥር ጨዋታ ባለሜዳው አራቱን ትንሽ አልፎ ያሸንፋል፤ ከሩብ የሚበልጠው በአቻ ያልቃል፤ እንግዳው ሦስት ያህሉን ይወስዳል። ፕሪስተን በ2024/25 ካደረጋቸው 46 ጨዋታዎች 20ውን አቻ ነው የወጣው። ስለ ፕሪስተን ስትገምቱ «ማን ያሸንፋል?» ብላችሁ ከጀመራችሁ ጥያቄው ራሱ ተበላሽቷል።

ገንዘቡም እኩል አይደለም። ከፕሪምየር ሊግ የወረደ ክለብ እስከ ሦስት ዓመት ድረስ የድጎማ ክፍያ ያገኛል። እንግሊዞቹ «ፓራሹት» ይሉታል፤ ሲወድቅ እንዳይሰበር ማለታቸው ነው። ይህ ትልቅ ጉልበት ነው፤ ግን ዋስትና አይደለም። በ2024 በርንሌይና ሉተን አብረው ከፕሪምየር ሊግ ወረዱ። በርንሌይ በዓመቱ በ100 ነጥብ ተመለሰ። ሉተን ያው ፓራሹት እያለው ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ።

አንድ ነገር ደግሞ አትርሱ። በመደበኛው ውድድር ቫር (የቪዲዮ ዳኝነት) የለም። ኳሱ መስመሩን ማለፍ አለማለፉን የሚናገር ቴክኖሎጂ አለ እንጂ ኦፍሳይድን ተመልሶ የሚያይ የለም። በ2025ቱ የመለያ ጨዋታዎች የዌምብሌይ ፍጻሜ ግን ቫር ነበር። ሼፊልድ ዩናይትድ 1 ለ 0 እየመራ ያስቆጠረው ሁለተኛ ጎል በቫር ተሻረበት። ጨዋታውንም 2 ለ 1 ተሸነፈ።

ከሰንጠረዡ በፊት ቀን መቁጠሪያውን ዘርጉ

የደረጃ ሰንጠረዡን ለጊዜው ተዉት። ሁለት ዓምድ አስምሩና ለሁለቱም ቡድኖች ሦስት ነገር ጻፉ፦ የመጨረሻውን ጨዋታ መቼና የት አደረጉ? ስንት ቀን አረፉ? ከዚህኛው ጨዋታ በኋላስ ምን ይጠብቃቸዋል?

አንዱ ቡድን ቅዳሜ ተጫውቶ ማክሰኞ ርቆ ሄዶ እንደገና ቅዳሜ የሚጫወት ከሆነ ምልክት አድርጉ። ፕሊማውዝ የእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ሰንደርላንድ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ። በመሃላቸው ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ አለ። ማክሰኞ ማታ እዚያ ደርሶ፣ ተጫውቶ፣ ተመልሶ ቅዳሜ በትኩስ እግር መሮጥ ቀልድ አይደለም። አምስት ተጫዋች መቀየር ከተፈቀደ ወዲህ ሸክሙ ቀለል ብሏል። ግን የሚቀይረው ሰው ያለው ቡድን ነው የሚጠቀመው። ተቀያሪ ወንበሩ ላይ ወጣት ብቻ ያሰለፈው ድካሙን ይዞት ይዘልቃል።

የገና ሰሞን የተለየ ፍጥረት ነው። ዲሴምበር 26፣ 29፣ ጃንዋሪ 1። በአንድ ሳምንት ሦስት ጨዋታ። በፋሲካቸውም ከስቅለት ዓርብ እስከ ሰኞ ሁለት ጨዋታ ይጠቀጠቃል። በነዚህ ቀናት ሦስተኛው ጨዋታ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ 11 አይታችሁ መገመት ራስን ማታለል ነው።

ለብሔራዊ ቡድን ተብሎ ሊጉ ሲቋረጥ ደግሞ ማን የት ሄዶ እንደመጣ እዩ። የአፍሪካ ዋንጫ በነሱ ክረምት ሲሆን ሊጉ አይቆምም፤ ተጫዋቾቹ ግን ይሄዳሉ። ዋናው አጥቂው ለአገሩ ሄዶ ያለ አጥቂ የቀረ ቡድን አይታችሁ ይሆናል።

የዋንጫ ጨዋታ ደግሞ ያሳስታል። ፌብሩዋሪ 9፣ 2025 ፕሊማውዝ በኤፍኤ ካፕ ሊቨርፑልን 1 ለ 0 አሰናበተ። ፕሊማውዝ በዚያ ቀን የሻምፒዮንሺፑ መጨረሻ ላይ ነበር። «ሊቨርፑልን ያሸነፈ ማንን ይፈራል?» የሚል ሰው ብዙ ነበር። በሜይ ወረዱ። አንድ የዋንጫ ቀን አንድ ቀን ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ከአንድ መስመር በላይ ቦታ አትስጡት።

ስለ ሰዓት ለኛ ሰው የምትሆን ነገር ልጨምር። የቅዳሜው ዋና ሰዓት በእንግሊዝ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከማርች መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ በኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ይሆናል። በቀሪው ጊዜ ምሽት 12 ሰዓት። ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ያልነቃ ሰው አሰላለፉን ሳያይ ጨዋታው ይጀመርበታል። በራሴ ደርሶብኛል።

አሁን ሰንጠረዡን ክፈቱ፤ ግን አትመኑት

መጀመሪያ የሜዳና የሜዳ ውጪ ውጤትን ለዩ። አጠቃላዩን ደረጃ ብቻ አይታችሁ «8ኛው 15ኛውን ይገጥማል» ካላችሁ ግማሹን ጥላችኋል። 15ኛው በሜዳው 5ኛ፣ 8ኛው ከሜዳው ውጪ 18ኛ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የነጥብ ቅነሳ ካለ ፈልጉ። እዚህ ሊግ ውስጥ በገንዘብ ጣጣ ነጥብ የሚቀነስባቸው ክለቦች ትንሽ አይደሉም። ደርቢ ካውንቲ በ2021/22 21 ነጥብ ተቀንሶበት በ34 ነጥብ ወረደ። ሜዳ ላይ የሰበሰበው ግን 55 ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ አይታችሁት «ደካማ ነው» ብላችሁ ከሆነ የገመታችሁት የሒሳብ ሹሙን ደብተር እንጂ ቡድኑን አይደለም።

ሦስተኛ፣ ከማን ጋር ተጫውተው ነው ነጥቡን ያገኙት? ያለፉትን አሥር ተጋጣሚዎች ስም ጻፉና ከጎናቸው ደረጃቸውን አስፍሩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ከአሥሩ ስምንቱ ከ16ኛ በታች ከሆኑ ያ ውብ ተከታታይ ድል ትንሽ ይደበዝዛል።

«ያለፉት አምስት ጨዋታዎች» የሚባለው ወጥመድ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ስለሆነ።

አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ አረንጓዴ። ዓይን ይማርካል። ግን አምስት ጨዋታ በጣም ትንሽ ነው። ሁለት ጊዜ ግንድ የመታ ኳስና አንድ የዳኛ ስህተት ሥዕሉን ይገለብጡታል።

ሰንደርላንድን ተመልከቱ። በ2024/25 መደበኛውን ውድድር የጨረሱት አምስት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው ነው። አምስት ቀይ ክብ። 4ኛ ሆነው ከ3ኛው ሼፊልድ ዩናይትድ በ14 ነጥብ ያንሱ ነበር። ያውም ሼፊልድ 2 ነጥብ ተቀንሶበት። እኔ ራሴ «ለመለያው የመጡት ለመሸኘት ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ኮቨንትሪን በተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ ትንፋሽ ላይ አስወጡ። ከዚያም ዌምብሌይ ላይ ቶሚ ዋትሰን በባከነ ሰዓት ባገባው ጎል ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸንፈው ፕሪምየር ሊግ ገቡ።

ምን ያላየሁት ነገር ነበር? እነዚያ አምስት ሽንፈቶች የመጡት የመለያ ቦታቸው በእጃቸው ከገባ በኋላ ነው። ቡድኑ ልቡ ሌላ ቦታ ነበር። ቀዩ ክብ ለምን ቀይ እንደሆነ አይናገርም።

ስለዚህ አምስቱን በአሥር ወይም በአሥራ ሁለት ተኩት። ከውጤቱ ይልቅ የግብ ሙከራ ብዛትንና ጥራትን እዩ። ኤክስጂ የሚባለውን ቁጥር የሚያወጡ ገጾች በነጻ አሉ። እያንዳንዱ ሙከራ ጎል የመሆን ዕድሉ ስንት ነበር የሚለውን የሚደምር ነው። ፍፁም ቅጣት ምት ለምሳሌ 0.78 አካባቢ ይሰጠዋል። አንድ ቡድን በአሥር ጨዋታ 18 ጎል አግብቶ ኤክስጂው 11 ከሆነ፣ ወይ ተአምረኛ አጥቂ አለው፣ ወይ ዕድሉ በቅርቡ ያልቃል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ማን አለ? ማን የለም?

ሐሙስ ወይም ዓርብ አሰልጣኞች መግለጫ ይሰጣሉ። የክለቡ ገጽ ላይ ታገኙታላችሁ። «ዕለቱን እናየዋለን» ካለ ግማሽ ለግማሽ ያዙት። አሰልጣኝ ተጋጣሚውን ሳያሳስት አያድርም።

ቢጫ ካርድ ቁጠሩ። በዚህ ሊግ በመጀመሪያዎቹ 19 ጨዋታዎች 5 ቢጫ ያየ ተጫዋች አንድ ጨዋታ ይቀጣል። እስከ 37ኛው ጨዋታ 10 የደረሰ ሁለት። ኅዳር ላይ 4 ቢጫ ይዞ የሚጫወት የመሀል ተከላካይ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ፤ ለሚቀጥለው ሳምንት ግምታችሁ መዝግቡት።

በውሰት የመጡትን ደግሞ ለይታችሁ እዩ። በውሰት የመጣ ተጫዋች የባለቤቱን ክለብ ሲገጥሙ አይሰለፍም። ሁለት የሻምፒዮንሺፕ ክለቦች ተጫዋች ከተዋዋሱ ይህች ሕግ አንዱን ቡድን ታጎድላለች። የጃንዋሪ ዝውውር ካለፈ በኋላም የዲሴምበርን ቁጥር በጥርጣሬ ተመልከቱ። ቡድኑ ያው ማልያ ለብሷል እንጂ ያው ቡድን ላይሆን ይችላል።

ጉዳት ሲነሳ ሰው ሁሉ ስለ አጥቂ ነው የሚጠይቀው። እኔ መጀመሪያ በረኛውን አያለሁ። ጃንዋሪ 17፣ 2025 በርንሌይ ሰንደርላንድን ሲያስተናግድ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ተሰጠበት። ጄምስ ትራፎርድ ሁለቱንም አዳነ። 0 ለ 0። ያን ሰው ከሜዳ አውጥታችሁ ስታስቡት የዓመቱ ታሪክ ይለወጣል።

አሰልጣኝ ከተቀየረ ከሁለት ወር በፊት የነበረውን ቁጥር ግማሽ ዋጋ ስጡት። «አዲስ አሰልጣኝ ሁሌም ያሸንፋል» የሚለውን ግን አትቀበሉ። አሰልጣኝ የሚባረረው ዕድል ጀርባዋን በሰጠችበት ሰሞን ነው። እሷ ስትመለስ ምስጋናውን አዲሱ ይወስዳል።

ሒሳቡ

አትሸሹ። የአራተኛ ክፍል ማባዛትና ማካፈል ነው። ያን የሰኞ ሌሊት ጨዋታ እንሥራው። የዓመቱን መጨረሻ ቁጥር ስለምጠቀም ትንሽ ማጭበርበር አለበት። እናንተ እስከ ጨዋታው ዋዜማ ያለውን ትጠቀማላችሁ።

ሊድስ በ46 ጨዋታ 95 አገባ፣ 30 ተቆጠረበት። በርንሌይ 69 አገባ፣ 16 ብቻ ተቆጠረበት። በ30 ጨዋታዎች መረቡን አላስደፈረም።

በ46 አካፍሉ። ሊድስ በጨዋታ 2.07 ያገባል፣ 0.65 ይቆጠርበታል። በርንሌይ 1.50 ያገባል፣ 0.35 ይቆጠርበታል።

በዚህ ሊግ አንድ ቡድን በአማካይ በጨዋታ 1.25 ገደማ ያገባል። ይህን መለኪያ ያዙና የአንዱን ማጥቃት በሌላው መከላከል አባዙት፣ ከዚያ በ1.25 አካፍሉት፦

ለሊድስ፦ 2.07 × 0.35 ÷ 1.25 = 0.58።

ለበርንሌይ፦ 1.50 × 0.65 ÷ 1.25 = 0.78።

የሜዳ ጥቅም እንጨምር። እኔ ባለሜዳውን በ1.1 አበዛለሁ፣ እንግዳውን በ1.1 አካፍላለሁ። በርንሌይ 0.86፣ ሊድስ 0.53 ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም በሉ። 95 ጎል ያገባ ቡድን የሚጠበቅበት ግማሽ ጎል ነው! ስሙን ረስታችሁ ቁጥሩን ስታዩት እንዲህ ያስደነግጣል።

አሁን አማካዩን ወደ ዕድል እንለውጠው። ፖይሰን የሚባል ስሌት አለ፤ ኤክሴል ውስጥ በዚሁ ስም ታገኙታላችሁ። የጎሉን ብዛትና አማካዩን ስትሰጡት ዕድሉን ያወጣል።

በርንሌይ፦ ምንም ላያገባ 42 ከመቶ፤ አንድ 36፤ ሁለት 16፤ ሦስትና ከዚያ በላይ 6።

ሊድስ፦ ምንም ላያገባ 59 ከመቶ፤ አንድ 31፤ ሁለት 8፤ ሦስትና ከዚያ በላይ 2።

ውጤት ማውጣት ማባዛት ብቻ ነው። 0 ለ 0 ማለት 0.42 × 0.59፤ ወደ 25 ከመቶ። በርንሌይ 1 ለ 0፣ 21። ሊድስ 1 ለ 0፣ 13። የእኔ «2 ለ 1 ሊድስ» 0.36 × 0.08፤ 3 ከመቶ። የጓደኛዬ «ሦስት ያገባበታል» ደግሞ 2 ከመቶ እንኳን አይሞላም።

ሁሉንም ስትደምሩ በርንሌይ የማሸነፍ ዕድሉ 41፣ አቻ 38፣ ሊድስ 21 ይወጣል። ሊድስ በዚያው ዓመት ሻምፒዮን ሆነ እኮ! ከበርንሌይ እኩል 100 ነጥብ ይዞ በጎል ክፍያ። በዓመቱ መጨረሻ ሻምፒዮን የሚሆን ቡድን በአንድ ሌሊት ከአምስት አንድ ዕድል ብቻ ሊኖረው ይችላል። ሁለቱ በሴፕቴምበር በሊድስ ሜዳ ኤላንድ ሮድ ላይ ሲገናኙም በርንሌይ 1 ለ 0 አሸንፎ ነበር።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ውድድሩ ከተጀመረ አሥር ጨዋታ ካልሞላ ይህ ሒሳብ ይዋሻል፤ የአምናውን ቁጥር ቀላቅሉበት። ፖይሰን ደግሞ ሁለቱ ቡድኖች እንደማይተያዩ አድርጎ ነው የሚቆጥረው። በተግባር 0 ለ 0 ሆኖ 80ኛው ደቂቃ ሲደርስ ሁለቱም ነጥቧን ማቀፍ ይጀምራሉ። ስለዚህ አቻው ላይ አንድ ሁለት የመቶኛ ነጥብ ብትጨምሩ አይከፋም።

ቁጥር የማያየው

ደርቢ፣ ማለትም የጎረቤታሞች ግጥሚያ፣ ዋነኛው ነው። በ2023/24 ኢፕስዊች 96 ነጥብ ሰብስቦ 2ኛ ሆኖ አደገ። ጎረቤቱ ኖርዊች 73 ይዞ 6ኛ። የ23 ነጥብ ልዩነት። በሁለቱ ግጥሚያቸው ግን ኢፕስዊች አንዱንም አላሸነፈም። በሜዳው 2 ለ 2 ወጣ። ኖርዊች ከተማ ሄዶ ደግሞ 1 ለ 0 ተሸነፈ።

እንዲህ ያለውን ነገር ቁጥሩ ላይ እንዴት እንጨምረው? በጥቂቱ። የእኔ ሕግ፦ ለደርቢ፣ ለድካም፣ ለጎደለ ተጫዋች፣ ለሁሉም ተደምሮ ከ5 ወይም 6 የመቶኛ ነጥብ በላይ አላንቀሳቅስም። ከዚያ በላይ ካንቀሳቀስኩ ሒሳቡን የሠራሁት ለይምሰል ነው ማለት ነው። ልቤ የሚለውን በካልኩሌተር አስፈቅጄ እየጻፍኩ ነው።

የውርርድ ቤቱ ቁጥር

ስለ ቤቲንግ ላስተምር አልመጣሁም። ግን የአወራራጆቹ ዋጋ ጥሩ መስታወት ነው። እነሱ ከእኛ የበለጠ መረጃ አላቸው። ለምሳሌ ባለሜዳ 2.10፣ አቻ 3.30፣ እንግዳ 3.60 ብለው ቢያወጡ፣ 100ን ለእያንዳንዱ አካፍሉ። 47.6፣ 30.3፣ 27.8 ይመጣል። ሲደመር 105.7። ከ100 በላይ የሆነችው 5.7 የቤቱ ድርሻ ናት። እያንዳንዱን ለ1.057 ስታካፍሉት ትክክለኛ ግምታቸው ይወጣል፦ 45፣ 28.7፣ 26.3።

የእናንተ ቁጥር ከዚህ በ3 ወይም 4 ነጥብ ቢለይ ደህና ነው። በ15 ከተለየ ደግሞ ያመለጣችሁ ነገር አለ። ምናልባት በረኛው ታሟል፤ ወይም አሰልጣኙ ጠዋት ተባሯል። ተመልሳችሁ ዜናውን አንብቡ።

እግረ መንገዴን፦ አንድ ትኬት ላይ አሥር ጨዋታ ለሚደረድሩ ወዳጆቼ። እያንዳንዱ ግማሽ ለግማሽ ዕድል ቢኖረው አሥሩም የሚገቡት ከ1,024 አንዴ ነው። ፕሪስተን የት እንዳለ ሳታውቁ ትኬቱ ላይ ስታስቀምጡት ይህን አስታውሱ።

ቅድመ ዕይታውን መጻፍ

ግምታችሁን ለሰው የምታካፍሉ ከሆነ ያገኛችሁትን ሁሉ አትዘርግፉ። አንድ ጥያቄ ምረጡ። ለዚያ ሰኞ «ሊድስ ጥቂቶች ብቻ የሰበሩትን አጥር ይሰብራል ወይ?» ይበቃ ነበር። ጥያቄው የመጀመሪያው አንቀጽ ይሁን። ከዚያ ማን እንደጎደለ በሁለት መስመር። ከዚያ ጨዋታውን ይወስነዋል የምትሉትን አንድ ቦታ፤ የግራ መስመሩ ይሁን፣ የማዕዘን ምቱ። ከዚያ ሦስቱ ቁጥሮች። የተወሰነ ውጤት ካስፈለጋችሁ መጨረሻ ላይ። አንባቢ ውጤት ስለሚወድ ስጡት፤ ግን ዕድሉን ከጎኑ ጻፉ። «0 ለ 0፣ 25 ከመቶ» ብሎ መጻፍ ቀዝቃዛ ይመስላል። ሲደርስ ግን እንደ ነቢይ ያስቆጥራል።

አሰላለፉ ጨዋታው አንድ ሰዓት ያህል ሲቀረው ይወጣል። ያኔ አንዴ ከልሱ። ከዚያ እርሳሱን አስቀምጡ።

ደብተሩ

ጨዋታው ሲያልቅ ራሳችሁን አርሙ። ቀላል መንገድ አለ። ለሦስቱም ውጤቶች፣ የሆነው 1፣ ያልሆነው 0 ነው። ከግምታችሁ ቀንሱ፣ በራሱ አባዙ፣ ደምሩ። በርንሌይ 0.41፣ አቻ 0.38፣ ሊድስ 0.21 ብለን አቻ ከሆነ፦ 0.17 ሲደመር 0.38 ሲደመር 0.04፤ ወደ 0.60። ዝቅ ያለ ቁጥር ጥሩ ነው። ሦስቱንም እኩል የሚያስቀምጥ ምንም የማያውቅ ሰው 0.67 ያገኛል። «ሊድስ፣ 100 ከመቶ» ያለው ጓደኛዬ 2 ይመዘገብበታል።

በአንድ ጨዋታ አትፍረዱ። ሠላሳ ያህል ሲሞላ አማካዩን አውጡ። ከ0.67 በታች ካልሆነ ከሒሳቡ ውስጥ የተሳሳተ ነገር ፈልጉ። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሠላሳ ሳገላብጥ አንድ ነገር ዓይኔ ላይ ተደነቀረ። አቻ የሚለው ዓምድ ውስጥ ያስቀመጥኳቸው ቁጥሮች ሁሌም ትንሽ ነበሩ። አሸናፊ መምረጥ ስለምወድ ከአቻው እየቆረስኩ ለምወደው ቡድን እሰጥ ነበር። አሁን ከሦስቱ መጀመሪያ የምሞላው የአቻውን ዓምድ ነው። ጓደኛዬ ግን እስካሁን «ሊድስ ሦስት» እያለ ነው፤ ደብተር ግዛ ብለው አልሰማኝም።